ያልተነካካች ቮልስ እንዴት ትሸጣለች? ለደሴና ለኮምቦልቻ ባለመኪኖች ዝርዝር መመሪያ

ከአባት የቀረች ወይም ለዓመታት በጥንቃቄ የያዛችኋት ቮልስ ልትሸጡ ነው እንበል። ወሬው ከቤት ሳይወጣ ዘመድ አዝማዱ የሚላችሁ ይታወቃል። «ቀለም አስቀቧት፣ ወንበሯን ቆዳ አልብሷት፣ አዲስ ስትመስል ጥሩ ታወጣለች።»

አትስሟቸው። መንቀሳቀሻ ብቻ የሚፈልግ ሰው ኪሱን አይቶ ቪትዝ ይገዛል። ቮልስ ብሎ የሚመጣው ሌላ ሰው ነው። እሱ ገንዘቡን የሚያወጣው ላልተነካካ ዕቃ ነው። አዲስ ቀለም ሲያይ ደስ አይለውም፣ ይጠረጥራል። ከሥሩ ምን ተሸፍኖ ይሆን ይላል። ስለዚህ ሥራችሁ መኪናዋን ማደስ አይደለም። ያልተነካካች መሆኗን ገዢው በዓይኑ እንዲያይ፣ በእጁ እንዲነካ ማዘጋጀት ነው።

የምጽፈው ቮልስን ይዤ ነው። ፊያት 600 ወይም ፔጆ 404 ያለው ሰው ቁጥሮቹን ትቶ ቅደም ተከተሉን ይጠቀምበት።

1. ከሳሙናው በፊት ወረቀቱ

ብዙ ሰው መኪናውን ላቫጆ ወስዶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ገዢ አግኝቶ ሲያበቃ ነው ሊብሬውን የሚፈልገው። ያኔ ጉዱ ይወጣል። ሊብሬው ገና በሟች አባት ስም ነው። ወይም ከአሥር ዓመት በፊት የገዙት በውክልና ነው፣ ስም አልዞረም። ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣ ገዢ ይህን ሲሰማ ሻዩን ጠጥቶ ይመለሳል።

መኪናዋ የውርስ ከሆነች መጀመሪያ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ይውጣ። ወራሾቹ ብዙ ከሆኑ ሁሉም ይስማሙ፣ የሚፈርመውም ሰው ውክልናው እጁ ላይ ይሁን። ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እህት ካለ ውክልናው በኤምባሲ በኩል እስኪመጣ ጊዜ ይወስዳልና ቀድማችሁ ጀምሩ። ባለትዳር ከሆናችሁ የትዳር ጓደኛችሁ ፊርማ ያስፈልጋል። ካላገባችሁ ያላገባ ማስረጃ አውጡ። በ2014ቱ ጦርነት ወረቀቱ የጠፋበት ሰው ምትክ ሊብሬ ሳይዝ ገበያ አይውጣ።

ከዚያ ቦሎው የዘንድሮ መሆኑን፣ የሶስተኛ ወገን መድኑ አለማለፉን፣ መኪናዋ ላይ ዕዳም ሆነ እገዳ አለመኖሩን ከመንገድ ትራንስፖርት አረጋግጡ።

አሮጌ ደረሰኝ ካላችሁ አንድም እንዳትጥሉ። የጋራዥ ደረሰኝ፣ የድሮ ቦሎ፣ የፋብሪካው መመሪያ መጽሐፍ፣ መኪናዋ በጥንት ጊዜ የተነሳችው ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ ሁሉንም በዘመኑ ቅደም ተከተል አንድ ክላሰር ውስጥ አስገቡ። የቮልስ ወዳጅ ይህን ክላሰር ከሞተሩ ቀድሞ ነው የሚያገላብጠው።

2. ቁጥሮቹን አንብቡ

የኋላ ወንበሩን መቀመጫ አንሱት። መሐል ለመሐል በሚያልፈው ጉብታ ብረት ላይ የተመታ ቁጥር አለ። የሻንሲው ቁጥር ይህ ነው። ዝገት ወይም አቧራ ከሸፈነው በጨርቅና በትንሽ ዘይት ጥረጉት። በሽቦ ብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነኩት፣ የተፋቀ ቁጥር ጣጣ ያመጣል። ያው ቁጥር ፊት ለፊት፣ ኮፈኑ ውስጥ፣ ከመጠባበቂያው ጎማ ኋላ ባለች ትንሽ ሳህን ላይም ይገኛል። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከዲናሞው መቆሚያ ሥር ሞተሩ ላይ ተመቷል። ሦስቱን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ። ሞተር ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ አሁኑኑ አስተካክሉት።

ቁጥሩ ዕድሜዋንም ይናገራል። እ.ኤ.አ. ከ1965 ሞዴል ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ዓይነቷን፣ ሦስተኛው የሞዴል ዓመቷን መጨረሻ አሃዝ ያሳያሉ። በ118 የሚጀምር ባለ ዘጠኝ አሃዝ ቁጥር የ1968 ሞዴል ነው። ከ1970 ሞዴል ጀምሮ ቁጥሩ አሥር አሃዝ ሆኖ አራተኛው ቦታ ላይ 2 ገብቷል። ፋብሪካው የሞዴል ዓመቱን የሚጀምረው በኦገስት ስለነበር፣ 118 የምትል መኪና በ1967 መጨረሻ ተሠርታ ሊሆን ይችላል።

ማስታወቂያ ላይ «የ60 ሞዴል» ብላችሁ እንዳትጽፉ። በእኛ አቆጣጠር ነው በፈረንጅ? የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት አለው፣ ለቮልስ ደግሞ ይህ ሌላ መኪና ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ብዙ ነገር ተቀይሯል፤ ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት የተዞረውም ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. ብላችሁ ሙሉ ዓመቱን ጻፉ።

3. ዝገቷን ከገዢው ቀድማችሁ እወቁ

ሸፋፍነው ቢተኙ ገልጦ የሚያይ አለ። የቮልስ ገዢ ማግኔት በኪሱ ይዞ ይመጣል። እናንተም አንድ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አካሏን ዙሩ። ጨርቁ ቀለሙን እንዳይጭር ነው። ማግኔቱ በደንብ የሚይዝበት ላሜራ ነው። ቀለል ብሎ የሚንሸራተትበት ቦታ ሥሩ ስቱኮ አለ። የት የት እንደሆነ ጻፉ።

ቀጥሎ ምንጣፉን አንሱ። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ናት። አሲድ እየተንጠባጠበ ወለሉን የሚበላው እዚያ ነው። ባትሪውን አውጡና ሥሩን በባትሪ መብራት አይታችሁ በመፍቻ እጀታ ቀስ ብላችሁ አንኳኩ። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። ደፈን ያለ ወይም የሚፈረፈር ድምፅ ከሆነ አልቋል። ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የሚያልፉትን ባዶ ብረቶች በጣት ዳስሱ። እነሱ የማሞቂያው አየር መተላለፊያ ብቻ አይደሉም፣ አካሏን ከወለሉ ጋር አጥብቀው የያዙትም እነሱ ናቸው። ከበሰበሱ በሩ ሲዘጋ ይነግራችኋል፣ አልገጥምም ይላል። የመጠባበቂያ ጎማ ጉድጓዱን፣ የበሮቹን ታች፣ ፓራውልቱ የታሰረበትን ቦታም ተመልከቱ።

የደሴ ክረምት ዝናብና ጉም ለላሜራ ምሕረት የለውም። ግቢ ውስጥ የከረመች መኪና ላይ ሸራ ከጣላችሁባት ደግሞ እርጥበቱን ከሥሩ አፍኖ ይይዘዋል። ኮምቦልቻ የቆመች መኪና በዝገት ትሻላለች። የእሷ ጣጣ ፀሐይ ነው፤ የመስኮት ጎማው ይሰነጣጠቃል፣ ክሩስኮቱ ይነጣል።

ያገኛችሁትን ምን ታደርጉታላችሁ? ወለል ከተበሳ ወይም ፍሬን የሚነካ ነገር ከሆነ ጥሩ ባለሙያ በንጹሕ ላሜራ ይበይደው፣ ሥራው ሲሠራም ፎቶ አንሱት። ፊት ላይ ያለ ጭረት፣ ጥፍር የምታክል ዝገት ወይም የፈዘዘ ቀለም ከሆነ ግን ተዉት። ቀለም ቀቢው «በአንድ ቀን አስመስዬ እሰጣችኋለሁ» ይላችኋል። ማስመሰሉን ነው የማትፈልጉት።

ላቫጆ ስትሄዱም የመኪናዋን ሆድ ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት ርጩበት እንዳትሉ። እኛ አገር የተለመደ ነው። ግን ጎማ ነክ ነገር ሁሉ ያበላሻል፣ ገዢውም የዘይት መፍሰስ ልትደብቁ የረጫችሁት ይመስለዋል።

4. ሞተሩ

ቮልስ ውሃ የላትም፣ የሚያቀዘቅዛት አየርና ዘይት ነው። ዘይት ቀይሩ፤ የሚገባው 2.5 ሊትር ነው። እንደ ሌላው መኪና የወረቀት ፊልትሮ ስለሌላት ከሥር ያለውን የሽቦ ወንፊት አውጥታችሁ እጠቡት፣ ጓርኒሲዮኑንም ቀይሩ። ወንፊቱ ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ፍርፋሪ ካለ ለመሸጥ አትቸኩሉ፣ መካኒክ ይየው።

የቫልቭ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ድርቅ ብሎ ሲቀዘቅዝ ነው። መኪናዋ ማታ ትደር፣ ጠዋት ሳትነሳ መካኒኩ ይምጣ። ለአብዛኞቹ ሞተሮች ልኩ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። «ትንሽ ይጥበቅ፣ ድምፁ ይጠፋል» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ እጁን ያዙት። የጠበበ ቫልቭ ድምፅ የለውም፣ ግን ይቃጠላል። ትንሽ ቲክ ቲክ የምትል ቮልስ ጤነኛ ናት፣ የሚያውቅ ገዢም ይህን ያውቃል።

ሦስተኛው ሲሊንደር ከሁሉም ይበልጥ ይሞቃል። በድሮዎቹ ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ከአየር መንገዱ ላይ ስለቆመ የሞቀ አየር የሚደርሰው እሱ ላይ ነው። ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ያዛወረው እ.ኤ.አ. በ1971 ሞዴል ነው። ስለዚህ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየር የሚጨምቅበት ኃይል፣ ሲለካ ዓይናችሁ ሦስተኛው ላይ ይሁን። አራቱንም አስለክታችሁ ቁጥሩን ቀን ጽፋችሁበት ክላሰሩ ውስጥ አስገቡ። እዚህ ላይ ለሩቅ ገዢ የሚነገር ነገር አለ። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ደሴ ላይ አይወጣም። ዋናው አራቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸው ነው። ኮምቦልቻ ወርዶ መለካት ቁጥሩን ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፣ ሞተሩ ግን ያው ነው።

ካርቡራተሩም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ደሴ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስ ይላል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ለምትሸጡበት ከተማ አስተካክሉት።

አንድ ነገር ግን ለነገ አትበሉ። የቤንዚኑን ላስቲክ ቱቦ። ቮልስ በእሳት የምትያያዘው ብዙ ጊዜ በእሱ ምክንያት ነው። የደረቀ ቱቦ ሞቃቱ ሞተር ላይ ቤንዚን ያንጠባጥባል። ከሰልባትዮው (ከቤንዚን ታንኩ) እስከ ካርቡራተሩ ያለውን ላስቲክ ሁሉ በአዲስ ቀይሩ፣ በማሰሪያ አጥብቁት። ዋጋው የአንድ ምሳ ነው።

ገዢው ሞተሩን ከፍቶ የኋላውን ትልቅ ፑሊ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ራሱና ወደ ውስጥ ቢገፋው አትደንግጡ። የዋናውን ዘንግ ልቅነት እያየ ነው። ሲገፋ ሲጎትተው ቀጭ ቀጭ ካለ ሞተሩ እድሳት ይፈልጋል። ቀድማችሁ ሞክሩትና ዋጋውን በዚያ አስቡ።

ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ መብራት፣ ጥሩምባ፣ መጥረጊያ መሥራት አለባቸው፣ ብዙ የሚባልለት ነገር የለም። ጎማው ጥርስ ቢኖረውም ጎኑ ላይ ያለችውን አራት አሃዝ አንብቡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበት ሳምንት፣ ቀጣዮቹ ዓመቱ ናቸው። የመጠባበቂያውንም ጎማ ንፉት። የመስታወቱን ውሃ የሚገፋው የእሱ አየር ነው። ብዙ ሰው ፓምፑ ተበላሽቷል ብሎ ዓመታት የተቀመጠው ጎማው ስለተነፈሰ ነው።

5. ሀረጎ ላይ ፈትኗት

ለእኛ ሰፈር ከየትኛውም ጋራዥ የሚበልጥ መፈተሻ አለ፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው የሀረጎ ቁልቁለት። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ 1850 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች በዚህች አጭር መንገድ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ሰው ሳይበዛ ጠዋት ተነሱ።

ስትወርዱ ማርሽ ቀንሳችሁ በሞተር ያዟት፣ እግራችሁን ፍሬን ላይ አታስቀምጡ። ቤንዚን ስትለቁ ማርሹ ራሱ ዘሎ ወደ ባዶ ከወጣ ካምቢዮው ደክሟል። ቮልስ ላይ የታወቀ በሽታ ነው፣ ሜዳ ላይ ግን አይታይም። ረጅም ቁልቁለት ከወረዳችሁ በኋላ ቤንዚን ስትሰጧት በስፖኪዮ ኋላ ተመልከቱ። ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለ ዘይት ትበላለች። ፍሬን ስትይዙ ወደ አንድ ጎን ብትጎትት ከአራቱ አንዱ አልተስተካከለም።

ኮምቦልቻ ስትደርሱ አጥፏትና ቡና ጠጡ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ አስነሷት። ቀዝቅዛ የምትነሳ ሞቃ ግን የምታስቸግር መኪና ደሴ ላይ አትጋለጥም፣ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ትጋለጣለች። ከዚያ ዳገቱን ይዛችሁ ተመለሱ። ክሩስኮቱ ላይ ያለችው ቀይ የዲናሞ መብራት ብትበራ ወዲያው ዳር ይዛችሁ አጥፉ። ዲናሞውንና የማቀዝቀዣውን ፋን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው፤ እሱ ከተበጠሰ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የለም። አንድ ትርፍ ቺንጋ ኮፈን ውስጥ ይኑር፣ ከመኪናዋ ጋር ይሸጥ።

ስትወጡ ማሞቂያውን ክፈቱ። ለደሴ ብርድ የሚሠራ ማሞቂያ ራሱን የቻለ መሸጫ ነው። ግን የሚመጣው አየር በጭስ ማውጫው ዙሪያ ሞቆ ስለሆነ የጭስ ሽታ ካለው ወዲያው ዝጉት፣ መስኮት ክፈቱ። የተበሳ ነገር አለ፣ ሳይጠገን አይሸጥም። ሰው ይገድላል።

6. እጠቡ፣ ግን አታጋንኑ

በእጅ፣ በለዘበ ሳሙናና በብዙ ውሃ። ሞተሩ ላይ ኃይለኛ ውሃ አይረጭም። አቧራውን በብሩሽ፣ ዘይቱን በጨርቅ ጥረጉ። የፈዘዘ የፋብሪካ ቀለም በቀላል ፖሊሽና በሰም ብዙ ይመለሳል። ማዕዘንና ጠርዝ ላይ ግን አትፈትጉ፣ ቀለሙ እዚያ ስስ ነው። ወንበሩን ዘመናዊ ጨርቅ አታልብሱ። የድሮው ተቀዶ ከሆነ በዚያው ክር ይሰፋ። አሻንጉሊት፣ ተለጣፊ ጽሑፍና ከኋላ የተጨመረ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ይውጡ። የወጣ ኦሪጅናል ዕቃ ካለ፣ ያልሠራ ሬዲዮም ቢሆን፣ በካርቶን ይቀመጥ። ከመኪናዋ ጋር ይሄዳል።

7. ፎቶና ማስታወቂያ

ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ብርሃን አንሷት። ከኋላዋ የጦሳ ተራራ ቢታይ ያምራል። ግን ውበት የሚሸጠው መጀመሪያዋን ፎቶ ብቻ ነው። የቀሩት አራቱ ጎን፣ ሞተሩ፣ ወለሉ ምንጣፍ ተነስቶ፣ የባትሪው ሥር፣ ዝገት ያለበት ቦታ ከቅርብ ይሁኑ። ጠዋት ስትነሳ የሚያሳይ ያልተቆራረጠ ቪዲዮም ይኑር።

ጽሑፉ ይህን ይምሰል። «ቮልስዋገን፣ እ.ኤ.አ. 1968 ሞዴል፣ 1500 ሞተር። ቀለሟ የፋብሪካ ነው። የግራ በሯ ሥር ትንሽ ዝገት አለ፣ ፎቶው ላይ ይታያል። ሬዲዮው አይሠራም። ሊብሬ በስሜ፣ ቦሎ የዘንድሮ። ደሴ ናት፣ መካኒክ ይዞ መምጣት ይቻላል።» «ምንም የማይወጣላት»፣ «እንቁላል የመሰለች» የሚሉት ቃላት ሁሉም ማስታወቂያ ላይ ስላሉ ማንም አያነባቸውም።

ዋጋ ስትቆርጡ የተጠየቀበትን ሳይሆን የተሸጠበትን አጣሩ። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈው የሰው ምኞት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ አሮጌ መኪና ሁሉ ወርቅ ሆኗል የሚሉም አሉ። ቮልስን የሚፈልጋት ግን ቁጥሩ ጥቂት ሰው ነው፤ ታጋሽ ሁኑ። ደላላ ከያዛችሁ አንድ ይበቃል። ሦስት ደላላ ከያዛችሁ ያው መኪና በሦስት ዋጋ ይዞርና ገዢው ይሸሻል። ኮሚሽኑን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ላዩ ላይ እንዳይጨምር ቁረጡ።

8. ገዢው የመጣ ቀን

ሞተሩን አሙቃችሁ አትጠብቁት። የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ እጁን ሞተሩ ላይ ያሳርፋል፤ ከሞቀ አንድ ነገር ደብቃችኋል ማለት ነው። ክላሰሩን ስጡት፣ ጉድለቶቿን እናንተው አሳዩት፣ ከዚያ ዝም በሉ። ሲነዳ መንጃ ፈቃዱን እዩ፣ መጀመሪያ ግን እናንተ ንዱ።

ቀብድ ሲሰጣችሁ ከመቀበላችሁ በፊት አስቡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ማታ የተሻለ ገዢ ቢደውልላችሁ ሐሳብ መቀየር ዋጋ ያስከፍላል።

ውሉ ሰነድ በሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት ይፈረም። የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ የምታውቁት ጉድለት ሁሉ፣ የስም ማዛወሪያውን ማን እንደሚከፍል ይጻፍበት። ክፍያው በባንክ፣ በሥራ ሰዓት ይሁን። ገዢው ስልኩ ላይ የሚያሳያችሁን መልእክት አትመኑ፣ ሒሳባችሁን ራሳችሁ አይታችሁ ቁልፍ ስጡ።

ስም ማዛወሩን ለገዢው ብቻ አትተዉት። የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት በሕግ ተጠያቂ ነው፤ ሊብሬው በስማችሁ እስካለ ድረስ የሚፈለገው እናንተው ናችሁ። አብራችሁ ሂዱና ጨርሱ። የውሉን ኮፒ አስቀሩ፣ መድኑ ላይም ለውጡን አሳውቁ።